ሐይቅን ከስክሪን መማር፦ የአንድ የበይነ መረብ ኮርስ ግምገማ

በቅርቡ ያጠናቀቅሁት፣ ጨው አልባ ሐይቆችንና አካባቢያቸውን የሚያስተምር የበይነ መረብ ኮርስ በአንዳንድ ክፍሎቹ እጅግ የተዋጣለት፣ በሌሎቹ ደግሞ ብዙ ሥራ የሚቀረው ነው። የተዘጋጀው ለጀማሪዎች ሲሆን፣ ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንዲያስታውስ ብቻ ይጠይቃል። ትምህርቱ የሚሰጠው በተቀረጹ ቪዲዮዎች፣ በአጫጭር ንባቦች፣ በኮምፒውተር በሚሠሩ መልመጃዎችና አልፎ አልፎ በቀጥታ በሚካሄድ የጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜ ነው። ቪዲዮዎቹንና ንባቦቹን በነጻ መከታተል ይቻላል፤ ክፍያ የሚጠየቀው መልመጃው እንዲታረምለትና የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው የሚፈልግ ሰው ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ኮርሱ ከዳር የቆመ ሰው ሊያየው የማይችለውን፣ ማለትም የሐይቁን ጥልቀት፣ የወቅቶቹን ለውጥና በብዙ ዓመታት የሚከማቸውን ታሪክ በማስተማር ረገድ ተወዳዳሪ ያለው አይመስለኝም፤ በእጅ የሚነካውንና በቅርብ የሚታየውን ግን፣ ማለትም ደለሉን፣ ደቂቅ ፍጥረታቱንና የዳር ዕፀዋቱን፣ የሚገባውን ያህል አላስተማረም።

የመግቢያው ክፍል አጭርና በቁጥር የተደገፈ ነው። በምድር ላይ ካለው ውኃ ጨው አልባ የሆነው 2.5 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን፣ ከዚህም ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በበረዶ ግግር ተይዞ፣ ከቀሪውም አብዛኛው ከመሬት በታች ተሰውሮ እንደሚገኝ ካስረዳ በኋላ፣ ለሐይቆች የሚተርፈው ድርሻ ምን ያህል አነስተኛ እንደሆነ ያሳያል። በዚያ አነስተኛ ድርሻ ውስጥም ቢሆን ክፍፍሉ እጅግ የተዛባ ነው። በሩሲያ የሚገኘው የባይካል ሐይቅ ብቻውን በምድር ገጽ ላይ በፈሳሽ መልክ ካለው ጨው አልባ ውኃ አንድ አምስተኛ ያህሉን የያዘው በስፋቱ ሳይሆን 1,642 ሜትር በሚደርሰው ጥልቀቱ ነው፤ በስፋት እንኳ 82,100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የሰሜን አሜሪካው ሱፒሪየር ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። አስተማሪው ሁለቱን ያነጻጸሩት ተማሪው ሐይቅን በካርታ ላይ ባለው ቅርጹ ብቻ እንዳይመዝነው ለማስጠንቀቅ ነው፤ ማስጠንቀቂያውም በቀጣዮቹ ክፍሎች ሁሉ ይጠቅማል።

ስለ ሐይቆች አፈጣጠር የሚናገረው ሁለተኛው ክፍል ከተለመደው አይለይም። የምድር ቅርፊት በመሰንጠቁ፣ የበረዶ ግግር መሬቱን በመቦርቦሩ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውኃ በመጠራቀሙ ወይም ወንዝ የቀድሞ መሄጃውን በመተዉ የተፈጠሩትን በየምድባቸው ይዘረዝራል። ይህን ያህሉን ከማንኛውም የጂኦግራፊ መማሪያ ማግኘት ስለሚቻል፣ ጊዜ ያጠረው ተማሪ ቢዘለው ብዙ አይጎዳም።

ኮርሱን ኮርስ ያሰኘው ሦስተኛው ክፍል ነው። የሚጀምረው የሐይቅ ሳይንስ መሥራች ተብሎ ከሚታወቀው ከስዊዘርላንዳዊው ፍራንስዋ አልፎንስ ፎሬል ሲሆን፣ ይህ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጄኔቫን ሐይቅ ሲያጠና ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ፣ የውኃው ከፍታ በዳርቻው ላይ በየተወሰነ ጊዜ ከፍና ዝቅ የማለቱ ጉዳይ ነበር። ነፋስና የአየር ግፊት መላውን የውኃ አካል ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እንደሚያወዛውዙት ከተብራራ በኋላ፣ ትምህርቱ ተማሪውን ከገጹ ወደ ውስጥ ይዞት ይወርዳል። ውኃ ከአብዛኞቹ ፈሳሾች በተለየ ሁኔታ እጅግ የሚከብደው በረዶ ሊሆን ሲቃረብ ሳይሆን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይቀላል። ቀዝቃዛ አየር ባለባቸው አገሮች ሐይቅ ከላይ ወደ ታች የሚረጋውና ዓሦች ከበረዶው ሥር ሕይወታቸውን የሚያቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። በሞቃት ወራት ደግሞ ፀሐይ የሞቀችው የላይኛው ውኃ ስለሚቀል፣ ቀዝቃዛውንና ከባዱን የታችኛውን ውኃ እንደ ክዳን ይሸፍነዋል፤ በሁለቱ መካከል ሙቀቱ በአጭር ርቀት ውስጥ በፍጥነት የሚወርድበት፣ ቴርሞክላይን የሚባለው ንብርብር ይፈጠራል።

ይህን በጽሑፍ ያነበበ ሰው ብዙ ነው፤ በትክክል የተረዳው ግን ጥቂት ይመስለኛል። እዚህ ኮርሱ ያቀረበው መሣሪያ ልዩነት ያመጣል። ተማሪው የሐይቁን ጥልቀት፣ የፀሐዩን ሙቀትና የነፋሱን ብርታት በመዳፊቱ እየጨመረና እየቀነሰ፣ የውኃው ሙቀት ከገጹ እስከ ወለሉ እንዴት እንደሚለዋወጥ በሥዕላዊ መግለጫ ይመለከታል። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ መጠነኛ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ሲቀላቀል፣ ጥልቁ ሐይቅ ግን ብርቱ ነፋስ እንኳ የላይኛውን ንብርብር ከማወፈር ያለፈ ለውጥ እንደማያመጣበት ያያል። ከዚያም ወቅቱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ቀስ በቀስ ተዳክሞ በመጨረሻ ውኃው ሁሉ ይገለባበጣል። የዓመት ሥራ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ዓይን ፊት ሲያልፍ፣ በሐይቅ ዳር የኖረ ሰው እንኳ ዕድሜውን ሙሉ ሊያየው ያልቻለውን ነገር ማየት ይቻላል። የበይነ መረብ ትምህርት ከመስክ ጉብኝት የሚበልጥበት ቦታ ካለ ይህ ነው።

ከመሣሪያው ጋር የተያያዘው መልመጃም በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። ከእውነተኛ ሐይቅ በተለያየ ጥልቀት የተለኩ የሙቀትና የኦክስጂን አኃዞች ይሰጡና፣ ተማሪው ቴርሞክላይኑን እንዲያገኝ፣ ቀጥሎም የመጠጥ ውኃ መሳቢያ ቧንቧ በየትኛው ጥልቀት ቢተከል እንደሚሻል ምክንያቱን እንዲጽፍ ይጠየቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከላይ ቢሆን ዋቅላሚ (አልጌ) አለ፣ ከታች ቢሆን ኦክስጂን ያለቀበት ውኃ ብረትና ማንጋኒዝ ያሟሟል። ወደ ታች የሚዘቅጠውን ሙት አካል የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጂኑን እንደሚጨርሱትና ክዳኑ እስካልተገለበጠ ድረስ የሚተካው እንደሌለ ተማሪው በራሱ ይደርስበታል። ከዚህ በላይ ጠቃሚው ነገር ደግሞ ኦክስጂን ሲጠፋ፣ በደለሉ ውስጥ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ተለቅቆ ወደ ውኃው መመለሱ ነው፤ ይህም አራተኛውን ክፍል በተፈጥሯዊ መንገድ ይከፍተዋል።

አራተኛው ክፍል ስለ ንጥረ ነገር ብዛትና ስለ ዋቅላሚ መስፋፋት ነው። ማብራሪያ ከመሰጠቱ በፊት ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ይቀርባል፦ አንድ ሐይቅ በመሐሉ ጠባብ ቦታ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ተማሪው ምክንያቱን እንዲገምት ከተጠየቀ በኋላ ነው ታሪኩ የሚነገረው። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ሐይቆችን ራሳቸውን ለምርምር ለማዋል በተቋቋመው ጣቢያ፣ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ሐይቅ 226 የተባለውን በመጋረጃ ከፈሉት፤ በአንደኛው ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን፣ በሌላኛው ወገን ደግሞ በእነዚህ ላይ ፎስፈረስ ጨመሩ። አረንጓዴ የለበሰው ፎስፈረስ የተጨመረበት ወገን ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ የልብስ ማጠቢያ ዱቄቶች ውስጥ ያለው ፎስፌት ሐይቆችን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ክርክር የጋለ ስለነበር፣ ያ አንድ ፎቶግራፍ ከብዙ ሪፖርቶች የበለጠ ጉልበት እንደነበረው አስተማሪው ይናገራሉ፤ እኔም እስማማለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሜሪካው የዋሽንግተን ሐይቅ ነው። በሲያትል አካባቢ ያሉ ከተሞች የተጣራ የፍሳሽ ቆሻሻቸውን ወደ ሐይቁ ይለቁ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የንጥረ ነገር ብዛት ምልክት የሆነ የሳያኖባክቴሪያ (ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ የሚባለው ባክቴሪያ) ዝርያ በውስጡ ታየ፤ ተመራማሪው ቶማስ ኤድመንድሰንም የሚመጣውን አስቀድሞ ተነበየ። ነዋሪው በድምፁ ከወሰነ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ባሉት ዓመታት ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ፤ ውኃውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠርቶ ተመለሰ። ኮርሱ ይህን እንደ ድል ዜና ብቻ አቅርቦ ቢያልፍ ኖሮ እወቅሰው ነበር። ይሁን እንጂ አስተማሪው ሁሉም ሐይቅ እንዲህ በፍጥነት እንደማያገግም፣ ጥልቀት የሌላቸውና ለብዙ ዓመታት ፎስፈረስ በደለላቸው ያከማቹ ሐይቆች ከውጭ የሚገባው ቢቋረጥም ከውስጥ በሚለቀቀው እየተመገቡ አረንጓዴ ሆነው ሊቆዩ እንደሚችሉ ያስረዳሉ። ተማሪው በሦስተኛው ክፍል የተማረው የኦክስጂን ጉዳይ እዚህ ላይ ተመልሶ ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኮርሱ ስያሜ ሐይቆችንና አካባቢያቸውን የሚል ሲሆን፣ አካባቢው ግን በአንድ አጭር ቪዲዮ ብቻ ተዳሷል። ከአንድ ቧንቧ የሚወጣ ፍሳሽን ማዛወር ከባድ ቢሆንም መፍትሔው ይታወቃል፤ በዛሬው ጊዜ ግን የብዙ ሐይቆች ችግር የሚመጣው ከተፋሰሱ፣ ከእርሻ ማሳ ላይ በዝናብ ታጥቦ ከሚወርድ ማዳበሪያና አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሜሪካ የኢሪ ሐይቅን ውኃ የሚጠጡ 400,000 ያህል የቶሌዶ ከተማና አካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ሳያኖባክቴሪያ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ በቧንቧ ውኃቸው ስለተገኘ እንዳይጠጡት ተነግሯቸው ነበር። ኮርሱ ይህን ክስተት ያነሣል፤ ነገር ግን ፎስፈረሱ ከማሳ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ የተጓዘበትን መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ረግረግና የወንዝ ዳር ዕፀዋት ምን ያህሉን ሊያስቀሩ ይችሉ እንደነበር አያሳይም። በሦስተኛው ክፍል እንደተዘጋጀው ዓይነት መሣሪያ ለተፋሰስ ቢዘጋጅ፣ ተማሪው የመሬት አጠቃቀሙን እየለዋወጠ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ማየት ይችል ነበር። ረግረጋማ ሥፍራዎችን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ የተፈረመው ስምምነት ስሙ ብቻ ተጠርቶ ታልፏል።

ስለ ሕያዋን ፍጥረታት የሚናገረው አምስተኛው ክፍል ምርጥ ቪዲዮዎችና ደካማ መልመጃዎች ያሉት ነው። ዳፍኒያን የመሳሰሉ ደቂቅ ተንሳፋፊ እንስሳት በዓይን ከሚያድኗቸው ዓሦች ለማምለጥ ቀን ቀን ወደ ጨለማው ጥልቀት ወርደው፣ ሌሊት ዋቅላሚ ለመመገብ ወደ ላይ የሚወጡበት የየዕለት ጉዞ በውብ ሁኔታ ተቀርጿል። መልመጃው ግን በማይክሮስኮፕ የተነሡ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ፍጥረት ብቻ የያዙ፣ ብርሃናቸው የተስተካከለ ፎቶግራፎችን እያዩ ስም መምረጥ ነው። ከሐይቅ የተቀዳ አንድ ጠብታ ውኃ ይህን አይመስልም፤ ሕያዉና ሙቱ፣ ሙሉውና ስብርባሪው፣ ደለሉና ዋቅላሚው ተደባልቆ ይገኛል። ተማሪው መልመጃውን ሙሉ ነጥብ አግኝቶበት እውነተኛው ናሙና ፊት ሲቀርብ ምንም ሳይለይ ሊቀር ይችላል።

ባዕዳን ዝርያዎችን በሚመለከት ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅ የቀረበው ጥሩ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ሐይቁ የገባው ናይል ፐርች የተባለ አዳኝ ዓሣ በኋላ እጅግ ተባዝቶ፣ በዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ በርካታ የሲክሊድ ዓሣ ዝርያዎች እንዲጠፉ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ትልቅ የዓሣ ንግድ ፈጥሯል፤ አስተማሪው ሁለቱንም ሳያድበሰብሱ አስቀምጠዋል። ዜብራ መስል በሚባለው ባለ ቅርፊት እንስሳ ላይ ግን የኮርሱ ሁለት ክፍሎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። አራተኛው ክፍል የውኃን መጥራት የሐይቅ ጤንነት መለኪያ አድርጎ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች መግባቱ የታወቀው ይህ እንስሳ ደግሞ ውኃውን እያጣራ ተንሳፋፊውን ምግብ ሁሉ ስለሚጠርግ ሐይቁን ያጠራዋል፤ ያ ጥራት ግን ለሌሎቹ ፍጥረታት ረኃብ ነው። አምስተኛው ክፍል የመስሉን ጉዳት ሲዘረዝር ይህን ግንኙነት አያነሣውም። ተማሪው ሁለቱን ራሱ እንዲያጋጥማቸው ቢጠየቅ ኖሮ የኮርሱ ምርጥ ጥያቄ በወጣው ነበር።

ሌላው ክፍተት የምድር ወገብ አካባቢ ሐይቆች ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚገለባበጡ፣ በረዶ ከሚሸፍናቸው ሐይቆች የተወሰዱ ስለሆኑ፣ ተማሪው ሐይቅ ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ ሊወስድ ይችላል። እስከ 1,470 ሜትር የሚጠልቀው የታንጋኒካ ሐይቅ እስከ ወለሉ አይገለባበጥም፤ ጥልቁ ውኃው ዘወትር ኦክስጂን አልባ ነው፤ የላይኛው ውኃ ይበልጥ በሞቀ ቁጥርም ከታች የሚመጣው ንጥረ ነገር እየቀነሰ የዓሣው ምግብ ይመናመናል። ይህ ለሦስተኛው ክፍል ከማንኛውም ምሳሌ የተሻለ ነበር። በካሜሩን የሚገኘው የኒዮስ ሐይቅም እንዲሁ ነው፤ በጥልቁ ተጠራቅሞ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986 በድንገት ፈንድቶ ወጥቶ 1,700 ገደማ ሰዎችን አፍኖ ገደለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጋዙ በቧንቧ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ይደረጋል። ኮርሱ ይህን በመጨረሻው ክፍል እንደ አስገራሚ ወሬ ጠቅሶት ያልፋል። ክስተቱ ግን ሳይገለባበጥ የኖረ ውኃ በሆዱ ምን ሊያከማች እንደሚችል የሚያሳይ በመሆኑ ቦታው እዚያ አልነበረም። በታችኛው ውኃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ሳይሆን ሜቴንም የያዘው የኪቩ ሐይቅ ጭራሹን አልተጠቀሰም።

ከስክሪኑ ተነሥቶ እንዲወጣ ተማሪውን የሚያዘው መልመጃ አንድ ብቻ ነው። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የባሕርን ጥራት ለመለካት የተጠቀመበትን ዘዴ ተከትሎ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ አስሮ ወደ ውኃ ማውረድ፣ ከዓይን የሚሰወርበትንና ሲጎተት ተመልሶ የሚታይበትን ጥልቀት መዝግቦ አማካዩን መውሰድ ነው። መሣሪያውን ከማንኛውም ጠፍጣፋ ነገር መሥራት ስለሚቻልና ውጤቱ ከሌሎች ተማሪዎች ልኬት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ስለሚገባ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። አፈጻጸሙ ግን ይጎድለዋል። ጀልባ የሌለው ተማሪ ከዳር ሲለካ ሳህኑ ከዓይን ሳይሰወር ወለሉን ሊነካ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልኬት የውኃውን ጥራት ሳይሆን የቦታውን ጥልቀት የሚናገር ቢሆንም፣ ሠንጠረዡ ሳይለይ ይቀበለዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የደኅንነት መመሪያው ነው፦ ስለ መስጠም ያስጠነቅቃል፤ በገጹ ላይ እንደ ቀለም የተንሳፈፈ አረንጓዴ ሽፋን ያለበትን ውኃ መንካት እንደማይገባ ግን አንድም ቃል የለውም፤ ያውም ስለ ማይክሮሲስቲን ባስተማረ ማግሥት።

የፈተናዎቹ ነገር በአጭሩ የሚታለፍ ነው። አብዛኞቹ የምርጫ ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ ቪዲዮውን በግማሽ ልብ ያየም ያልፋቸዋል። የጽሑፍ መልመጃዎቹ በሌሎች ተማሪዎች ስለሚታረሙ የእርማቱ ጥራት እንደ ዕድል ነው፤ ለእኔ ከደረሱኝ አስተያየቶች አንዳንዶቹ አስተዋይ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የአንድ ቃል ምስጋና ብቻ ነበሩ። የቀጥታ ክፍለ ጊዜው ግን መገኘት ይገባዋል፤ አስተማሪው ለጀማሪ ጥያቄ ሳይሰለቹ መልስ ይሰጣሉ፣ ያልተረጋገጠውንም ያልተረጋገጠ ይሉታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ንግግሩ ዝግ ያለና ጽሑፉ ከሥሩ የሚነበብ ስለሆነ መከታተል አያስቸግርም። ቪዲዮዎቹን በዝቅተኛ ጥራት አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የሦስተኛው ክፍል መሣሪያ ግን ያለ ግንኙነት አይሠራም፣ በስልክ ላይም ቁልፎቹ ተደራርበው ለመጠቀም አዳጋች ይሆናሉ።

ኮርሱ ለመምህራን፣ በውኃ አቅርቦት ሥራ ላይ ላሉና በሐይቅ አቅራቢያ ኖረው ውኃው ለምን እንደሚለዋወጥ ማወቅ ለሚሹ ሰዎች የሚመች ነው፤ ናሙና መሰብሰብና መለየት መማር የሚፈልግ ግን ቤተ ሙከራ ያለው ሌላ ትምህርት መፈለግ ይኖርበታል። የምስክር ወረቀቱ በሥራ ማመልከቻ ላይ ካላስፈለገ መክፈል አያሻም፤ ዋጋ ያላቸው ሁለቱ ክፍሎች፣ ሦስተኛውና አራተኛው፣ ከነመሣሪያቸውና ከነአኃዞቻቸው በነጻ ክፍት ናቸው። መሣሪያውን የሚሞክር ሰው ነፋሱን ዜሮ አድርጎ፣ ጥልቀቱን እስከ መጨረሻው ጨምሮ፣ ቀዝቃዛውን ወቅት ሰርዞ እንዲያስኬደው እመክራለሁ፤ ኮርሱ ያላስተማረው የታንጋኒካ ዓይነት ሐይቅ ወደዚያው ተቀራርቦ ይወጣል።